ነጻ ከሆነ ፊርማው ለምን?

«ልጄን ለጦር አልወለድኩትም!»

ለፋርማሲም አልወለዱትም እትዬ። ፋርማሲ ልማር ያለ ዕለት ግን ዶሮ ሠርተው ጎረቤት ጠርተዋል።

«ፋርማሲ ውስጥ የሚተኩስ የለማ!»

ለመሆኑ የምንኖረው የት አገር መሰልዎት?

ጠቡን ያመጣው አር ኦ ቲ ሲ የሚሉት ነገር ነው። እዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ቨርጂንያም ሆነ ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ጸጉሩን አሳጥሮ፣ የጫማውን ማሰሪያ አጥብቆ፣ ወፍ ሳይንጫጫ ከቤት የሚወጣ የሀበሻ ልጅ ካያችሁ ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። እትዬ መጀመሪያ ፍቅር የያዘው መስሏቸው ነበር። እውነቱን ሲሰሙ ምነው ፍቅር በሆነ አሉ።

ነገሩን ለማያውቅ፦ አር ኦ ቲ ሲ የኮሌጅ ተማሪን ከትምህርቱ ሳያስወጣ ለመኮንንነት የሚያዘጋጅ የአሜሪካ ጦር ሥልጠና ነው። ልጁ ባዮሎጂም ይማር ሒሳብ፣ ከመደበኛ ትምህርቱ ጎን ወታደራዊ ክፍለ ጊዜ፣ ሳምንታዊ የተግባር ልምምድና የማለዳ ስፖርት ይጨመርበታል። ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ክረምት ላይ አንድ ወር ያህል ኬንታኪ፣ ፎርት ኖክስ ጫካ ውስጥ ይፈተናል። ሲመረቅ እጁ ላይ ዲግሪ፣ ትከሻው ላይ የምክትል መቶ አለቃ ማዕረግ ይኖረዋል። «ወታደር ሆነብኝ» ብለው የሚያለቅሱ ወላጆች እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያምታታሉ። የገበያ አዳራሽ አጠገብ ቢሮ ከፍቶ የሚመለምለው ተራ ወታደር ይቀጥራል፤ ይኼኛው አዛዥ ነው የሚያሠለጥነው።

«አዛዥማ እቤቱም አለ» አሉ አባትየው፣ ሚስታቸውን በዓይናቸው ጠቅሰው። እትዬ ሰምተዋል፤ መልሱን ለማታ አቆዩት።

«ለመሆኑ ይኼ አሁን ያመጡት ነገር ነው?»

ጋሼ፣ በዕድሜ የእኛን ፓርላማ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1916 ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን የፈረሙት የመከላከያ ሕግ ነው ያቋቋመው። ሥሩ እንዲያውም ወደ 1862 ይወርዳል፤ ያኔ የፌዴራሉ መንግሥት ለየክፍለ ግዛቱ መሬት ሰጥቶ ኮሌጅ ክፈቱበት ሲል፣ እርሻውንና መካኒኩን ስታስተምሩ የጦር ስልትም አክሉበት ብሎ ነበር።

«መሬት ሰጥቶ ወታደር መጠየቅማ የእኛ ነገሥታት የድሮ ሥራ ነው!»

ነው እንጂ። እነዚህ ግን መሬቱ ላይ ዩኒቨርሲቲ አቆሙበት።

ጋሼ በአገር ጉዳይ እጅ አይሰጡም። «እኛስ ሐረር አካዳሚ አልነበረንም? ሕንዶች ያስተማሩበት! ሆለታስ? ስዊድኖች የከፈቱት!» አሉ። ነበሩን፤ አኮሩንም። ግን ጋሼ፣ የሐረር ዕጩ መኮንን ከቤተሰቡም ከሲቪሉም ተለይቶ ሐረር ይገባ ነበር፤ እዚህም ዌስት ፖይንት እንደዚያ ያደርጋል። የአር ኦ ቲ ሲው ልጅ ግን ጠዋት ተሰልፎ ሮጦ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ከአንድ ሙዚቀኛና ከአንድ የሒሳብ ተማሪ ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ምሳውን ጦርነት ከሚቃወም ጓደኛው ጋር ይበላል። መኮንንን ከሲቪል ጋር አንድ ካፍቴሪያ ማብላት ጥቅም አለው። ለብቻው ሲበላ የዋለ መኮንን ምን ምን እንደሚያስብ ከሆለታ የወጡትን ሻለቃ መንግሥቱን አይተን እናውቃለን።

ጋሼ ቡናቸውን ጠጡ።

እትዬን ግን በተረብ ብቻ ማለፍ ግፍ ነው። በ1975 ዓ.ም. ደርግ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲያወጣ፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሰው ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ይፈለጋል ተብሎ ነበር። ወረቀቱ ላይ ምዝገባ ይላል፤ መንገድ ላይ ሲደርስ አፈሳ ሆነ። ዳቦ ሊገዛ የወጣ ወንድም በዚያው ቀረ። ልጃቸውን ጎተራ ውስጥና ቆጥ ላይ የደበቁ እናቶች ነበሩ። ከዚያም በፊት፣ በ1967፣ እድገት በኅብረት ተብሎ 60,000 ያህል ተማሪና አስተማሪ ካኪ ለብሶ ወደ ገጠር ሲዘምት፣ አልዘምትም ያለ ትምህርቱም ሥራውም ይቀርበት ነበር። እንግዲህ በዚያ ያለፈች እናት «ተማሪ» እና «መለዮ» አንድ ላይ ሲጠሩ ብትደነግጥ የምንስቅባት እኛ ማን ነን?

«በእኛ ዘመን መንግሥት ልጅ ሲፈልግ በር አያንኳኳም ነበር» አሉ።

ይኼኛው ያንኳኳል እትዬ፤ ቅጽ ይዞ ነው የሚመጣው። እኔን ደግሞ የሚያስፈራኝ ቅጹ ነው።

«ምኑ ያስፈራል? ነጻ ነው ብሎኛል እኮ መልማዩ! ስኮላርሺፕ ካገኘ የትምህርቱን ይችሉታል፣ ለመጽሐፍ በዓመት 1,200 ዶላር፣ ለኪሱ ደግሞ በትምህርት ወራት በየወሩ 420!»

ነጻ ከሆነ ፊርማው ለምን አስፈለገ?

«ለደንቡ ነዋ!»

ለደንቡ ብለው የፈረሙት የቤት ብድር ስንት ዓመት ቀረው?

«ሃያ ሁለት።»

ይኼ ስምንት ነው።

እትዬ ዝም አሉ። ይህቺን ስምንት መልማዩ ለምን በለሆሳስ እንደሚናገራት አላውቅም፤ 420ዋን ግን ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው። ውል የፈረመ ዕጩ መኮንን በጠቅላላው ስምንት ዓመት የጦሩ ነው። ስኮላርሺፕ ወስዶ መደበኛውን ጦር ከተቀላቀለ ብዙውን ጊዜ አራቱን ዓመት ሙሉ ጊዜውን ያገለግላል፤ የተረፈውን ተጠባባቂ ሆኖ ይጨርሳል። ከተማው ሳይለቅ በናሽናል ጋርድ ወይም በተጠባባቂ ጦር ግዴታውን የሚወጣም አለ። መሀል ላይ «ተውኩት» ያለ ደግሞ የተከፈለለትን ይመልሳል፤ አለዚያም በተራ ወታደርነት ሊጠራ ይችላል። ግፍ ነው አልልም፤ ሰጥቶ መቀበል ነው። «ነጻ» የሚለው ቃል ግን እዚህ ውል ላይ ምንም ሥራ የለውም።

«ቆይ፣ ለማን ነው የሚምለው? ለፕሬዚዳንቱ?» አሉ ጋሼ።

መኮንኑ የሚምለው ሕገ መንግሥቱን ሊጠብቅ ነው፤ የፕሬዚዳንቱ ስም መሐላው ውስጥ የለም።

«ሕገ መንግሥቱ ሲቀየርስ?»

እዚህ እያሻሻሉ አንዱን ይዘውት ኖረዋል። እንደኛ ከ1923 ዓ.ም. ወዲህ አራተኛው ላይ የደረሰ አገር መሐላ ቢከብደው አይደንቅም።

አሁን ወደ ጫካው እንግባ። እዚያ የሚያስተምሩት ነገር፣ ልጁ ዕድሜ ልኩን አንድ ጥይት ባይተኩስ እንኳ፣ ለእኛ ለሀበሾች መድኃኒት ነው ባይ ነኝ።

ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ታክሲም ኡበርም ነድተዋል። «ካርታና ኮምፓስ ሰጥተው ጫካ ይለቁታል፤ ስልክ የለም፣ ጂፒኤስ የለም» ይላሉ እየተገረሙ። ልጁ መቶ ሜትር ስንት እርምጃ እንደሚፈጅበት አስቀድሞ ለክቷል፤ ግራ እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ይቆጥራል፤ መቶ ሜትር በሞላ ቁጥር ገመድ ላይ ያለች አንዲት ዶቃ ወደ ታች ይስባል። ሌሊት ከሆነ ካርታውን የሚያየው በቀይ መብራት ነው። ዳገት ላይ እርምጃው እንደሚያጥር፣ ቁልቁለት ላይ እንደሚረዝምም ያውቃል።

እርስዎስ ጋሼ?

«እኔ ያለ ጂፒኤስ ቤቴም አልገባ።»

ታዲያ ጫካ የተለቀቀው ማን ነው?

ሰዓቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እናቱ 12 ሰዓት የምትለውን ስልኩ 6 ይለዋል፤ ጦሩ «ዜሮ ስድስት መቶ» ይለዋል። ዜሮ ስድስት መቶ ላይ የደረሰ ዘግይቷል፤ ቀደም ብሎ የቆመ ነው ደረሰ የሚባለው። «አንድ ልጅ በሦስት ሰዓት እንዴት ይኖራል?» አሉ እትዬ። እኛስ አንድ ሰዓት ይዘን ሦስት ሰዓት ዘግይተን ሠርግ እንገባ የለም? ይህ ልጅ ሠርጋችን ላይ በተጠራበት ሰዓት ቢመጣ ግን ወዮለት፤ የሚያገኘው አዳራሽ የሚጠርገውን ሰው ብቻ ነው።

የጊዜ ነገር ከተነሳ አንድ ሕግ አላቸው፤ መሪ ካለው ጊዜ ለራሱ እቅድ ሲሶውን ብቻ ይወስዳል፣ ሁለቱን እጅ ለበታቾቹ መዘጋጃ ይተዋል። የእኛ ኮሚቴ ስድስት ወር ሲመክር ይከርምና ሥራውን ዓርብ ማታ ለሴቶቹ ይነግራል። ቅዳሜ ዶሮው ካልደረሰ ጥፋቱ የሴቶቹ ነው።

ትእዛዝ አሰጣጣቸውን ብታዩ ደግሞ ትቀናላችሁ። የ20 ዓመት ልጅ መሬት ላይ ተንበርክኮ አፈሩን ቆልሎ ኮረብታ ይሠራል፣ ሰማያዊ ክር ዘርግቶ ወንዝ ያደርጋል፣ ጥድ ፍሬ አስቀምጦ «ይኼ እኛ ነን» ይላል። ከዚያ በአምስት አንቀጽ ይናገራል፦ ሁኔታው ምን ይመስላል፣ ተልእኳችን ምንድን ነው፣ እንዴት እንፈጽመዋለን፣ ስንቁና ውኃው ከየት ይመጣል፣ ማን ያዛል በምንስ እንገናኛለን። ሲጨርስ «ጥያቄ?» ይላል፤ ጥያቄ የሌለውን ሰው ራሱ ይጠይቀዋል።

የማኅበራችን ሊቀመንበር ይህን ሰምተው «እኛም እኮ ትእዛዝ እንሰጣለን» አሉ።

ይሰጣሉ እንጂ፤ የእርስዎ አንድ አንቀጽ ናት፦ «ያው እናንተ ታውቃላችሁ።»

«ሰው አዋቂ ስለሆነ ነዋ!»

አምስተኛው አንቀጽ ውስጥ ደግሞ መሪው ቢመታ ማን እንደሚተካው፣ ተተኪውም ቢመታ ቀጥሎ ማን እንደሆነ በስም ይነገራል፤ ገና መሪው በሕይወት እያለ፣ እፊቱ ቆሞ።

«በእኛ ማኅበር ሊቀመንበር አይመታም» አሉ።

አይመታም፣ አይደክምም፣ አይወርድም። እኛ ነን የምንመታው። ከማኅበር አልፌ ወደ አገር ብወጣ ዓምዱ ስለማይበቃኝ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

«ምግቡስ እንዴት ነው?» አሉ እትዬ፤ ይህ የማይቀር ነው።

ሜዳ ላይ መጀመሪያ የሚበላው የበታቹ ነው፤ መሪው መጨረሻ ላይ ይሰለፋል። ካለቀ አለቀበት።

«መሪ መጨረሻ?!» ሊቀመንበሩ የያዙት ቆሎ ከእጃቸው ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ጌታዬ፣ ይህ ሥልጠና የዕድሜ ገደብ ስላለው እርስዎን አይመለከትም።

ከሁሉ በላይ ግን ልቤን የገዛው ልምምዱ ካለቀ በኋላ የሚሆነው ነው። ላብ ሳይደርቅ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ምን ልናደርግ ነበር? ምን አደረግን? ለምን ተለያየ? ምኑን እንያዝ፣ ምኑን እናርም? አንዲት አንደኛ ዓመት ተማሪ እጇን ታወጣና የዕለቱን የጓድ መሪ «የመገናኛ ቦታውን ሳትነግረን ነው ጥለኸን የሄድከው» ትለዋለች። አራተኛ ዓመት ነው፤ በማዕረግም በዕድሜም ይበልጣታል። አይኮሳተርም። ደብተሩን ከኪሱ ያወጣና ይጽፋል። ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ያልያዘ ዕጩ መኮንን ሱሪ እንዳልታጠቀ ነው የሚቆጠረው።

«ይኼማ ግምገማ ነው!» ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ አገር ቤት መሥሪያ ቤት ሠርተዋል። «በዚህማ እኛ ሠልጥነናል!»

ጋሼ፣ በእኛ ግምገማ የሚገመገመው ሰውየው ነው፤ በዚህ የሚገመገመው ሥራው ነው። በእኛ ጥሩ የገመገመ የተገምጋሚውን ወንበር ያገኛል። በዚህ የገመገመችው ልጅ የምታገኘው ተራ ነው፤ አንድ ቀን እሷም ጓዱን ትመራለች፣ እሱም ክቡ ውስጥ ተቀምጦ እጁን ያወጣል።

«ሂስና ግለ ሂስስ?»

ግለ ሂስማ ከደርግ ጀምሮ እናውቅበታለን። «ድክመቴ ራሴን ሳልቆጥብ መሥራቴ ነው» የሚል ሰው ሰምተው አያውቁም?

«እኔ ራሴ ብዬዋለሁ።»

እንግዲህ!

ይህን ሁሉ ሳወራ ከጥግ ሆና ስልኳን ስትነካካ የነበረችው የእህቴ ልጅ ቀና አለች። ሶሲዮሎጂ ተማሪ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የጦር ሰፈር መሆን የለበትም ከሚሉት ወገን። «አንተ ደግሞ ደመወዝ የማይከፈልህ መልማይ ሆንክ» አለችኝ። «ኬንት ስቴት ላይ እ.ኤ.አ. በ1970 የሆነውን ለምን አትነግራቸውም?»

ልክ ናት፤ ልናገር። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ተማሪው ቁጣውን የሚያወርደው ግቢው ውስጥ ባለው የአር ኦ ቲ ሲ ቤት ላይ ነበር። ኦሃዮ፣ ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ በግንቦት ወር መጀመሪያ የአር ኦ ቲ ሲው ሕንጻ ተቃጠለ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ናሽናል ጋርዶች በተማሪ ላይ ተኩሰው አራት ገደሉ፣ ዘጠኝ አቆሰሉ። እነ ሃርቫርድ ፕሮግራሙን ከግቢያቸው አስወጡት።

መልሶ እንዳስገባውም ንገሪያቸው እንጂ፤ በ2011።

«አርባ ዓመት ቆይቶ!»

ሀበሻ ቢሆን አኩርፎ እስካሁን በቆየ።

እሷን ለማሸነፍ ኮሊን ፖወልን መዘዝኩ። ከጃማይካ የመጡ ስደተኞች ልጅ፣ ኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ጂኦሎጂ የተማረ፣ ነጥቡ የማያኮራ፣ አር ኦ ቲ ሲ ውስጥ ግን መኖሪያውን ያገኘ። በ1958 ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ወጣ፤ በ1989 ከአር ኦ ቲ ሲ ወጥቶ የጦር ኃይሎች የበላይ ኢታማዦር ሹም ለመሆን የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እናቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ እትዬ፤ እሳቸውም ለጦር አልወለዱትም ይሆናል።

«ጨርሰሃል?» አለች የእህቴ ልጅ። «በ2003 የተባበሩት መንግሥታት ፊት ቆሞ ኢራቅ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት ያለውስ ማን ነው?»

እሱው ነው። መሣሪያው አልተገኘም።

«ታዲያ ያቺ ክብ ሠርተው የሚቀመጡባት ነገር የት ሄደች?»

ዘግይታ መጣች። ራሱ ፖወል በኋላ ያ ንግግር በስሙ ላይ የቀረ ጥቁር ነጥብ መሆኑን ተናግሯል። «ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ» አለች። ይህቺን ዙር ለእሷ ሰጠሁ፤ እናንተም ስጧት። ለአለቃ «አልገባኝም፣ ማስረጃው የት አለ?» ማለት ጫካ ውስጥ ከመለማመድ ይልቅ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይከብዳል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም የአመራር ኮርስ ዋስትና ሰጥቶ አያስተምርም።

እትዬ እዚህ ላይ ጣልቃ ገቡ። «ወንዱስ ይሁን፤ ሴቷን ደግሞ ነርስ ብትሆን ይሻላታል ብዬ ነበር፣ እሷም ወንድሜን ልከተል አለች!» አሉ።

ትከተለው፤ ሁለቱም ይደርስዎታል። አር ኦ ቲ ሲ ነርሲንግ የሚያጠኑ ተማሪዎችን ይፈልጋል፤ የሙያ ፈተናዋን ስታልፍ ነርስም መኮንንም ትሆናለች።

«ደመወዟስ?»

እትዬ ከተረጋጉ ጥያቄያቸው ይህ ነው። የመኮንን ደመወዝ ሠንጠረዡ ለሕዝብ የተለጠፈ ነው፤ ወንድና ሴት አይለይም፣ የሚለየው ማዕረግና የአገልግሎት ዘመን ነው። በስንት የግል መሥሪያ ቤት የጎን ወንበራችሁን ደመወዝ ታውቃላችሁ?

ሲመረቁ አንድ የምወዳት ልማድ አለች። አዲሱ ምክትል መቶ አለቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ወታደራዊ ሰላምታ ለሚሰጠው የበታች ሹም አንድ የብር ዶላር ሳንቲም ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ያ ሰው አራት ዓመት ያሠለጠነው አሮጌ ሃምሳ አለቃ ነው። ሹመኛው ከፋይ መሆኑ ነው።

«እኛ አገር ሰላምታውንም ብሩንም የሚቀበለው ሹሙ ነው» አሉ ጋሼ። ለዚህ የምመልሰው የለኝም፤ ራሳቸው ጨርሰውታል።

አንድ ነገር ሳልናገር ብዘጋው ቤተሰብ ይጣላብኛል። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ልጅ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ መማር ይችላል፤ ስኮላርሺፑን ለመውሰድና ማዕረጉን ለመቀበል ግን ዜግነት ያስፈልገዋል። ግሪን ካርድ ይዘህ በተራ ወታደርነት ግባ የሚለው የገበያ አዳራሹ ቢሮ ነው፤ እሱን ከዚህ አትደባልቁ። ኮሌጁ ፕሮግራሙ ከሌለው ጎረቤት ኮሌጅ ሄዶ የሚማርበት መንገድም አለ፤ የጆርጅ ዋሽንግተንና የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ጆርጅታውን ሄደው የሚሠለጥኑት በዚሁ ነው።

ስለዚህ እትዬ፣ ልጁን ዛሬ ከማለዳ ሩጫው አያስቀሩት። ስኮላርሺፕ የወሰደ ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት ቀምሶ ያለ ዕዳ መውጣት ይችላል፤ ያልወሰደ ደግሞ ሁለት ዓመት ይቀምሳል። ስኮላርሺፕ ያለው ልጅ ሁለተኛ ዓመቱን በጀመረበት ቀን ግን ግዴታው ይጀምራል። ከዚያ ቀን በፊት ውሉን እቤት ያምጣና እርስዎ ፊት ይቀመጥ፤ ገጽ በገጽ፣ ስምንቷንም ዓመት ጭምር፣ በአማርኛ ያስረዳዎት። ማስረዳት ካቃተው እሱም አልገባውም ማለት ነው፤ ካልገባው አይፈርም።